የወንዙን ጥምዝ ያቃናሁት እኔ ነኝ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ይህን ግን በየዓመቱ እየዘለልኩ አልፌዋለሁ። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለባሌ አልነገርኩም። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከአንደበቴ ወጥቶ አያውቅም። አሁን የምታነቡ ሁሉ ስሙኝ። ስትሰሙ ግን እንዳታዝኑልኝ። ለማሳዘን አልጻፍኩትም።

አሶሳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ "ስህተቱን ያገኘችው ልጅ" ይለኛል። የመሬት ካርታ በሚያሳይ ፕሮግራም ላይ ስህተት አግኝታ፣ አስተካክላ፣ የአንድ ገበሬ መሬት እንዲመለስ አደረገች ተብሎ በስብሰባ ተጨብጭቦልኛል። የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። እናቴ በመስታወት አስገብታ ሳሎኗ ሰቅላዋለች። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ ስህተቱን አላገኘሁትም። ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። የት እንዳለም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።

ወላጆቼ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ አንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጠርኩ። ሥራችን የገበሬዎችን ማሳ በታብሌት ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም መሥራት ነበር። ቀያሾች ድንበሩን በእግራቸው ዞረው ነጥብ ይወስዳሉ፤ ነጥቦቹን ወደ ቅርጽ የምቀይረው እኔ ነበርኩ። ቀጥ ያለ ድንበር አያስቸግርም፤ ሁለት ነጥብ፣ አንድ መስመር። ወንዝ ዳር ያለ ማሳ ግን ጥምዝ አለው፤ ጥምዙ ደግሞ ርካሾቹን ታብሌቶቻችንን አልቻል አላቸው። ለስላሳ እንዲሆን በብዙ ትናንሽ ቀጥ ያሉ መስመሮች ከፋፍዬ ስስለው፣ ካርታውን በጣት ሲገፉት ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል።

የተሻለ መንገድ እንዳለ አውቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ጥምዙን መከፋፈል አያስፈልግም። በሦስት ነጥብ አንድ ሦስት ማዕዘን ይሳልና የቀረው ሥራ ስክሪኑ ላይ ምስል ለሚስለው ለግራፊክስ ቺፑ ይተዋል። ቺፑ ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ላለችው ለእያንዳንዷ የስክሪን ነጥብ ሁለት ቁጥር ይሰጣታል፤ አንዱን በራሱ አባዝቶ ከሌላው ጋር ያወዳድራል። ካነሰ ነጥቧ ከጥምዙ ውስጥ ናት፤ ከበለጠ ውጭ ናት። በቃ። ካርታውን የቱንም ያህል ብታጎሉት ጥምዙ አይሰባበርም። ጀመርኩት፤ ግን እምቢ አለኝ። ግማሾቹ ማሳዎች ተገልብጠው ውስጡ ውጭ፣ ውጩ ውስጥ ይሆን ነበር።

አለቃዬ ደመላሽ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ፣ "ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። ብቻ እንዳይንቀራፈፍ" አለኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ጥምዙን አቃናሁት። ወንዙ መታጠፍ ከሚጀምርበት እስከሚጨርስበት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሳብኩ። በአንድ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ ወንዝ ዳር ባሉት ሁሉ ላይ። እንዳያስታውቅ ማዕዘኖቹን በትንሹ አለሳለስኩ፤ ዳር ዳሩን በደብዛዛ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ሐሙስ ዕለት ካርታው ከእንግዶቹ ጣት ሥር እንደ ውሃ ፈሰሰ። "እንዴት ያምራል!" አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ ለራሴ። ማንን ነበር የማታልለው?

ታብሌቶቹ የእኔን "በኋላ" ሳይጠብቁ ወደ ገጠር ወጡ።

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ አንዲት የበርታ መንደር አለች። አቶ አጣሂር የሚኖሩት እዚያ ነው። ወንዙ ማሳቸውን በሦስት በኩል አቅፎ ይዞራል፤ በዚያ እቅፍ ውስጥ አባታቸው የተከሏቸው ሰባት የማንጎ ዛፎች ነበሩ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ሲሄድ፣ ታብሌቱ ቢያስቸግር እንድረዳ ተብሎ እኔም አብሬ ሄድኩ። ካርታው ተከፈተ። ሰባቱም ዛፎች ከመስመሩ ውጭ ወደቁ፤ የወል የወንዝ ዳርቻ ሆኑ።

ለአቶ አጣሂር አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ሴቱም ወንዱም ለእሳቸው "አንተ" ነው። ስክሪኑን አዩ፣ ወንዙን አዩ፣ ክንዳቸውን እንደ ቀስት አጠፉ።

"ወንዝ እንዲህ ነው። ይሄ ቀጥ ያለው ምንድነው? ወላሂ፣ ወንዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም።"

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ እኔ ዞረ። "መሣሪያው ሊሳሳት ይችላል እንዴ?"

አቶ አጣሂርም ዐይን ዐይኔን እያዩ፣ "አንተ ልጅ፣ አንተ ተምሯል። ንገረው እስቲ" አሉኝ።

ወንዙ ከኋላዬ ነበር። ድምፁ ይሰማኛል። ዘወር ብል ጥምዙን በዐይኔ በብረቱ አየዋለሁ። አልዞርኩም።

"ነጥቦቹ በሳተላይት የተወሰዱ ናቸው" አልኩ። "አይሳሳትም።"

ነጥቦቹስ በእርግጥ አልተሳሳቱም። ቀያሾቹ ጥምዙን እግር በእግር ተከትለው ወስደዋቸዋል። የተሳሳተው እኔ በነጥቦቹ ላይ የሳብኩት መስመር ነው። እውነት መርጬ፣ በእውነቱ ዋሸሁ። ከተራ ውሸት የሚከፋው ይህ አይደለምን? ማኅተሙ ደብተሩ ላይ ሲያርፍ ቆሜ አየሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ምሳ አወራሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ቦታው ላይ የመስኖ ፓምፕ ቤት ሊሠራ ተብሎ ማንጎዎቹ ተቆረጡ። የነገረኝ ደመላሽ ነው፤ ሽማግሌው ግንድ አቅፈው አልለቅ ብለው ገዛ ልጃቸው ፈልቅቆ እንደወሰዳቸው ነገረኝ።

ያኔ ተቀመጥኩ። ጀምሬ የተውኩትን የሦስት ማዕዘኑን ዘዴ አወጣሁና በዘጠኝ ቀን ጨረስኩት። ማሳዎቹን ይገለብጥ የነበረው የነጥቦቹ ቅደም ተከተል ነበር፤ አንድ የመቀነስ ምልክት በቦታው ሲገባ ሁሉም ቀና። ዘጠኝ ቀን! "ጊዜ አልነበረኝም" እንዳልል ዘጠኙ ቀን ይመሰክርብኛል። በአዲሱ ፕሮግራም ጥምዙ ሞልቶ፣ ለስልሶ ታየ፤ ታብሌቱም አልተንቀራፈፈም። ለደመላሽ "በአሮጌው ላይ ስህተት አገኘሁ" አልኩት። *አገኘሁ* አልኩ! ኮሚቴው እንደገና ወጣ፣ ደብተሩ ተስተካከለ፣ የፓምፕ ቤቱ ሥራ ቀረ፣ መሬቱ ከነጉቶው ተመለሰ። ለእኔ ተጨበጨበልኝ።

አቶ አጣሂር ቢሮ ድረስ መጡ። ከዘመድ ማሳ የለቀሙትን ማንጎ በፌስታል ይዘው፣ "አላህ ይስጥህ" ብለው መረቁኝ። ተቀበልኩ። ቤት ወስጄ በላሁት። እኔ፣ ያንን ማንጎ፣ በላሁት።

ባለፈው ሳምንት ወደ መንደራቸው ሄድኩ። ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቁ ነበር። ቁጭ ሳልል ተናገርኩ።

"አቶ አጣሂር፣ ያን ቀን መስመሩ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር።"

ቢላዋቸው ቆመ። "ያን ቀን? እዚያ ቆሞ?"

"እዚያ ቆሜ።"

ቢላዋውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። "ሰው ሁሉ አጣሂር አበደ አለ" አሉኝ። "ልጄ ራሱ፣ 'አባባ፣ ማሽን ነው እኮ፣ አንተ አርጅተሃል' አለኝ። እኔም አመንኩ። እዚያ የተወለድኩ ሰውዬ፣ ወንዜን ተጠራጠርኩ።"

ስለ ዛፎቹ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ስለ ዛፎቹ ነበር ተዘጋጅቼ የሄድኩት።

"ይቅር በል ልትለኝ መጣህ?" አሉኝ።

"አይደለም።"

"ደግ። እኔም አላልኩም።" ቢላዋቸውን መልሰው ቀርከሃው ላይ አሳረፉ። "ሂድ። ለሰው ተናገር።"

ደመላሽ ይህን ልጽፍ መሆኑን ሰምቶ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል። መሬቱ ተመልሷል፣ ምን ይጠቅማል፣ ራስሽን ታዋርጃለሽ ይለኛል። ልዋረድ! የሙያ ጓደኞቼም ጠበቃ ሊሆኑልኝ ይሞክራሉ፦ ስህተት የሌለው ፕሮግራም የለም፣ ታብሌቱ ደካማ ነበር፣ አለቃሽ አጣድፎሽ ነው ይላሉ። ጥብቅናችሁን ወዲያ በሉልኝ። ታብሌቱ አፍ የለውም። ደመላሽ እንዳይንቀራፈፍ አለ እንጂ ዋሺ አላለኝም። ጥፋቱን ከማንም ጋር አልካፈልም። ንስሐ አባቴም ይህን ሲሰሙ ስንት ቀን እንደምጾም ይንገሩኝ፤ እጾማለሁ። ጾሜን ግን ጉቶዎቹ ላይ ወስጄ ተከፈለ አልልም። የምስክር ወረቀቱን ትናንት ከእናቴ ግድግዳ አወረድኩት። ለምን ስትለኝ እስከዚህ የጻፍኩትን አነበብኩላት። አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

እናም ታዝዣለሁና እናገራለሁ። በዚያች መንደር ያላችሁ፣ በተለይ አባትህን ከግንዱ ላይ ፈልቅቀህ የወሰድከው ልጃቸው፣ ስሙኝ። አቶ አጣሂር አላበዱም። እርጅናም አላሳታቸውም። ወንዙን ያውቁት ነበር። እኔም አውቀው ነበር።