ሰዓት ያውቃል የተባለው ፈረስ

ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ተዛውሬ ዘገባ መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ቢሮዬ ድረስ መጥተው ለሚኒ ሚዲያ ክበባቸው ልጆች ዜና አጻጻፍ እንዳስተምር ጠየቁኝ። ሚኒ ሚዲያው አንድ ማይክሮፎንና ግቢው መሃል ዛፍ ላይ የታሰረ ድምፅ ማጉያ ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ዜና፣ ግጥምና ቀልድ ያነቡበታል። "ቀልዱስ አያንስም፤ ዜናው ነው ዜና የማይመስለው" አሉኝ። ረቡዕ ከሰዓት ተቀጠርን።

ልጆቹ ስምንት ነበሩ። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ስለሆኑ ምሳቸውን በልተው፣ የከሰዓቱ ፈረቃ ክፍል ከገባ በኋላ ይመጣሉ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዜናቸው ተስተካከለ። "የትምህርት ቤቱ አጥር ታደሰ።" "የወላጆች ስብሰባ ተካሄደ።" ሁሉም ትክክል ነው። በእረፍት ሰዓት ጆሮውን የሚሰጥ ግን አልነበረም።

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሌላ ዓይነት ዜና ይዛ መጣች። ወላጆቿ መስቃን ገጠር ያርሳሉ፤ እሷ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። ቆማ አነበበች፦

"በር ላይ የሚቆመው የጋሪ ፈረስ ሰዓት ያውቃል። የእረፍት ደወል ከመደወሉ በፊት ጆሮውን ያቆማል።"

"ስንት ቀን አየሽው?" አልኳት።

"ሰኞ።"

"ሰኞ ብቻ?"

"አዎ ጋሼ።"

"የአንድ ቀን ነገር ዜና አይሆንም። ተቀመጪ።"

ቢሮ ውስጥ ለጀማሪ ዘጋቢ የምናገረው በዚሁ ድምፅ ነው። ክፋት አልነበረውም። ግን የክበቡ ቀልደኛ የሆነው የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከኋላ "ቆይ፣ ስንት ሰዓት ሆነ? እስቲ ፈረሱን ጠይቁልኝ!" አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

ከዚያን ቀን በኋላ ልጅቷ ምንም አላነበበችም። አትቀርም፤ ትመጣለች፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። "ዜና አለሽ?" ስላት "የለኝም ጋሼ" ትላለች። ክበቡን የሚመሩት መምህር አንድ ቀን ለብቻዬ ወስደው "መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ በሌላ እንተካታለን። ቦታውን የሚፈልግ ሞልቷል" አሉኝ። አንደበቷን የዘጋሁት እኔ መሆኔን አውቄያለሁ። የተሳሳተ ዜና በእርማት ይታረማል፤ ለዚህኛው ግን ምን ብዬ እርማት እንደማወጣ አላውቅም ነበር።

የመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ሲቃረብ አንድ ረቡዕ መብራት ጠፋ። መምህሩ ስብሰባ ሄደዋል። እኔም የመስቃንን የበርበሬ ገበያ ዘገባ ለዋናው ቢሮ በስልክ ማንበብ ነበረብኝ። ልጆቹን "ዛሬ ትምህርት የለም። ከግቢ አትውጡ እንጂ የፈለጋችሁትን አድርጉ" አልኳቸውና ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ሁለቱ መጥተው "ጋሼ፣ ምን እናድርግ?" አሉኝ። "እኔ እንጃ" አልኳቸው። ተመልሰው ሄዱ። ተጨቃጨቁ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ "ይደብራል" ተባባሉ። ወደ ቤት እንዲሄዱ ልፈቅድላቸው ስነሳ ልጅቷ ብቻዋን አጥሩ ጥግ ቆማ ፈረሱን ስታይ አየኋት። ሄድኩ። ደብተሯ ላይ ቀኖቹ ተደርድረዋል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ከየቀኑ ጎን ምልክት አለ። አንድ ቀን አይበቃም ስላልኳት፣ እነዚያን ሁሉ ሳምንታት በክፍሏ መስኮት ፈረሱን ስትከታተል ነበር የከረመችው።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዜናዬ ውሸት ሆነብኝ" አለች ቀና ሳትል። "ሰዓት አያውቅም። ደወሉን የሚመቱት ጥበቃው የዘገዩ ቀን እሱም ይዘገያል። እሳቸውን ነው የሚያየው። ወይም ብረቱን።"

ደወሉ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። መምቻው ብረት ከጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ደወሉ ሲደወል ልጆች የሸንኮራ ልጣጭ በአጥሩ ስለሚወረውሩለት፣ ፈረሱ የሚጠብቀው አለው።

"ውሸት አልሆነም፤ ተጣራ እንጂ" አልኳት። "የቱን እንደሚያይ ግን አላወቅሽም ማለት ነው?"

"አላወቅኩም።"

ሌሎቹ ከበውን ነበር። ቀልደኛው "እሳቸውን ነው" አለ፤ ሌላዋ "ብረቱን ነው፣ ምን ታውቃለህ አንተ!" አለች። ስልኬ ጮኸና ወደ ዛፉ ተመለስኩ። የበርበሬውን ዘገባ እያነበብኩ ሳለ ቀልደኛው የጥበቃውን ካፖርት ለብሶ፣ እንደ እሳቸው ወገቡን ይዞ እያነከሰ ሲያልፍ አየሁት። ጥበቃው ራሳቸው እየሳቁ "ጭቃ እንዳታስነካብኝ፣ አንተ ቀጣፊ!" ይላሉ። ልጅቷ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ "ባዶ እጅህን ና! አሁን ተመለስ! አሁን ብረቱን አንሳ!" እያለች ታዛለች። ያንን ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። መቆጣጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን የኩንታሉን ዋጋ ደገምኩ።

ባዶ እጁን ሲመጣ ፈረሱ ዝም አለ። ብረቱን ሲያነሳ ጆሮውን አቆመ። ልጆቹ "ብረቱ ነው!" ብለው ጮኹ። ቀልደኛው በደስታ ራሱን ረስቶ ቸርኬውን ባለ በሌለ ኃይሉ መታው።

የከሰዓቱ ፈረቃ ከየክፍሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መምህራን ጠመኔ እንደያዙ በር ላይ ቀሩ። ርዕሰ መምህሯ ሲደርሱ ካፖርቱ አሁንም መሬት ይጠርግ ነበር።

"ማነው የፈቀደው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"የዛሬው ትምህርት ምን ነበር?"

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"የፈለጋችሁትን አድርጉ ብያቸው ነው።"

ረጋ ብለው አዩኝ። "የወላጅ ኮሚቴው ድሮም ክበቡ ተዘግቶ ሰዓቱ ለማጠናከሪያ ትምህርት ይሁን እያለኝ ነው። እርስዎ ደግሞ ምክንያት ይሰጡልኛል።" ወደ ልጆቹ ዞሩ። "ነገ በከሰዓቱ ፈረቃ እረፍት፣ ደወሉ ለምን እንደተደወለ ለተማሪው ታስረዳላችሁ። መዝጋት አለመዝጋቴን ከዚያ በኋላ እወስናለሁ።"

ቀልደኛው ካፖርቱን እያወለቀ "እኔስ አላነብም" አለ። ሌሎቹም እንቢ አሉ። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። መረጃው ያለው በእሷ ደብተር ነው።

በማግስቱ ጠዋት መምህሩም እኔም ባለንበት ጽሑፏን አሳየችን። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "ደወሉ ያለ ሰዓቱ የተደወለው ክበቡን የሚያስተምሩት ጋዜጠኛ ልጆቹን ትተው በስልክ ሲያወሩ ስለነበር ነው።"

"ይሄንን እንኳ አውጪው፤ እንግዳችን ናቸው" አሏት መምህሩ።

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ደግሜ አነበብኩት። የሚታረም ነገር አልነበረበትም። "እኔን ግን አልጠየቅሽኝም" አልኳት።

"ምን ሲያደርጉ ነበር ጋሼ?"

"ሥራ ላይ ነበርኩ።"

ጎንበስ ብላ ጻፈች።

በእረፍት ሰዓት መብራት ነበር። የገጠር አነጋገሯ በድምፅ ማጉያው ጎልቶ ወጣ፤ ማንም አልሳቀባትም። ሸንኮራ የያዙት እንኳ መላጥ አቆሙ። ፈረሱ ሰዓት እንደማያውቅ፣ እንዴት እንደተረጋገጠ፣ ማን ካፖርት እንደለበሰ በተራ ተናገረች። ከዚያ "ጋዜጠኛው ግን ሥራ ላይ ነበርኩ ብለዋል" ስትል መጀመሪያ የሳቁት መምህራኑ ናቸው።

ርዕሰ መምህሯ አጠገቤ ቆመው ነበር። ከሳቁ በኋላ ፊታቸውን አስተካክለው "ረቡዕ ይቀጥል። መተካት የሚባለውንም ተዉት" አሉ ለመምህሩ። ለእኔ ደግሞ፦ "ብረቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቢሮ ነው የሚቀመጠው።"

ልጅቷ ከማይክሮፎኑ ወርዳ ይህን ሰማች። ደስ ያላት አልመሰለኝም፤ ቅንድቧን ቋጥራ በቢሮው በርና በአጥሩ መካከል ያለውን ርቀት በዓይኗ ለካች።

"ከአጥሩ ሆኖ የቢሮው በር ይታየዋል እንዴ?" አለች። ለማናችንም አልነበረም የምትናገረው። ደብተሯን ገልጣ አዲስ ገጽ ላይ "ሐሙስ" ብላ ጻፈች።