ወንዙ እስኪጎድል

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ነው። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እሞክራለሁ፤ ይህን ግን ግጥም ላደርገው ተቀምጬ አንድ ስንኝ አልወጣልኝም። እንደሆነው ልጻፈው።

ያን ክረምት ከጮቄ ተራራ በታች ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ሥራ ይዤ ነበር። ነርሷ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ አንድ ነገር ከንክኗት ጥናት ጀምራለች። የከተማውም የደጋውም የስኳር ሕመምተኛ የሚወስደው ኪኒን አንድ ነው፤ እየወደቀ የሚመጣው ግን የደጋው ነው። ለምን? የእኔ ሥራ መድኃኒት ሊወስዱ የመጡትን መጠየቅ ነበር፦ «ኪኒንዎን ያቋርጣሉ?» ሁሉም «ኧረ የለም» ይላል።

ያሳደገችኝ አክስቴ ይርገዱም ከሕመምተኞቹ አንዷ ናት። ስጠይቃት ሳቀች።

«አንተ ልጅ፣ የንስሐ አባቴ እንኳ እንዲህ አልመረመሩኝም። አንድ ቀን አላቋረጥሁም።»

እውነቷን ነበር።

በሳምንቱ ከቅዳሴ ስትመለስ አቀበቱ ላይ ወደቀች። ስደርስ ላብ አጥምቋታል፤ ዓይኗ ተገልጦ አያይም። ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ አሰረ። አንዱ «ዛር ነው፣ ጠበል እንውሰዳት» ሲል ባሏ ጋሼ ምሕረቱ «ጠበሉንማ አሁን ጠጥታ መምጣቷ አይደል፤ ተሸከም» አለው።

ዝናቡ አላባራም። ጭቃው እግር ይውጣል። እየተቀባበልን ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልላል። ማዶ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ይታያል፤ መሻገር ግን አይቻልም። ቃሬዛውን አስቀምጠን ቆምን። ስልክ ሞከርሁ፤ ኔትወርክ የለም። ጋሼ ምሕረቱ ጋቢውን አልብሷት ራሱን ዝናብ ይመታዋል። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ወንዙን እሳደብ ነበር።

ከቅርቡ ቤት አንዲት የማናውቃት ሴት ማር በጣሳ ይዛ ወጣች። «ጾሙ ነው ያደከማት። በጣቴ ድዷን ልቀባላት።»

ጋሼ ምሕረቱ እጇን ያዘ። «ስኳር አለባት እኮ። ጣፋጭ እንዳትነካ ተብለናል። ልትገድያት ነው?»

ሴትየዋ አፍራ ወደ ኋላ አለች። እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነበር።

ከሰዓታት በኋላ ወንዙ ሲጎድል ተሻገርን። ሲስተር የአክስቴን ጣት ወግታ ስኳሯን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። ግሉኮስ በደም ሥሯ እየሰጠቻት «ስኳሯ እኮ ወርዶ አልቋል። ዛሬ ምን ዋጠች?» አለች።

«ሁለቱን» አለ ጋሼ ምሕረቱ። «የጠዋቱን ጾም ይፈታብኛል ብላ ታቆየዋለች። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ስትጠጣ ከማታው ጋር ባንዴ ትውጠዋለች። አላቋረጠችም፣ ሲስተር። አንድ ቀን አላቋረጠችም።»

«በባዶ ሆድ» አለች ሲስተር ለራሷ። ከዚያ ዞር ብላ «ሲዝለፈለፉ ጣፋጭ አቅምሷቸው ብሎ የነገራችሁ የለም?» ስትል ጠየቀችው።

ጋሼ ምሕረቱ ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄያችን ተለወጠ። አሁን «ጾም ሲገባ ኪኒኑን እንዴት ያደርጉታል?» እንላለን። መልሱ ይጎርፋል። ባንዴ ነው የምውጠው፤ እኔም ባንዴ፤ እኔም። ሲስተር የሁሉንም አወሳሰድ ከጾማቸው ጋር ታስማማለች፤ ሲወድቁ ምን እንደሚደረግ ለቤተሰባቸው ትነግራለች። ዘንድሮ ከእነሱ መሀል የወደቀ አልሰማሁም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ጥያቄው ያን ጊዜ እንዲህ ተጠይቆ ቢሆን የሚል ቁጭት ይበላኛል።

አክስቴ ነቅታለች፤ ስኳሯ ወርዶ ብዙ በመቆየቱ አእምሮዋ ስለተጎዳ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰችም። እጇ ስለሚከዳት ጋሼ ምሕረቱ ያጎርሳታል። እኔ ስገባ ፊቷ ይፈካና በሞተው ወንድሟ፣ በአባቴ ስም ትጠራኛለች። መጀመሪያ አርማት ነበር። አሁን «አቤት» እላታለሁ።