በሲስተር ኤፉዋ ላይ የጻፍኩት ደብዳቤ

ኤፉዋ ኳንሳ ከጋና ባርቤዶስ የገባች ዕለት አውሮፕላን ማረፊያ ከተቀበሏት አንዱ እኔ ነበርኩ። ነርስ ጠፍቶ ዎርዶች ሲዘጉብን መንግሥት ነርሶችን ከጋና አስመጣልን፤ የቤተ ክርስቲያናችን የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ እኔ ነኝ። ቤት ፈለግንላት። የበቆሎ ገንፏችንን ቀምሳ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ እኛ አገር ‹ባንኩ› የምንለው የቡኮ ገንፎ ነው፤ ማቡካት ሰንፋችሁ ነው እንጂ!» ብላ አሳቀችን።

ሁለት ልጆቿን ለእህቷ ትታ ነው የመጣችው። የስድስት ወር ሙከራዋን ካለፈች ልታስመጣቸው ይፈቀድላታል። ቁስል ስትጠርግ ታዜም ነበር።

በአምስተኛው ወር ዳሌዬ ተሰብሮ እሷ ዎርድ ተኛሁ። ስጠራት «መጣሁ፣ አባባ» ትልና ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሄዳለች። በእኛ ደሴት «መጣሁ» ያለ ሰው ወዳንተ ነው የሚራመደው። ከጎኔ የተኛው ዓሣ አጥማጁ ማየርስ፣ «ቲቸር፣ ይቺ ልጅ ‹መጣሁ› እያለች በእግሯ ጋና ልትገባ ነው!» ይላል፤ ዎርዱ ይስቃል። አንድ ጠዋት ግን ለሌላ በሽተኛ ኦክስጅን ልታመጣ ሄዳ ሳለ፣ ሽንቴ አመለጠኝ።

ዕድሜ ልኬን ፍልስፍና ያስተማርኩ ሰው፣ ሐፍረቴን በእውነት ስም ጠቅልዬ ለሆስፒታሉ ጻፍኩት፦ «የምትናገረውና የምታደርገው ለየቅል ነው። ቃሏን ማመን አይቻልም።» የኮሚቴው ሰብሳቢ ብዬ ፈረምኩበት።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ዴዴ የምትባል ሌላ ጋናዊት ነርስ ልታየኝ መጣች። መሀል ላይ «መጣሁ» ብላ ወጣች፤ ከመኪናዋ ፋሻ ይዛ ተመለሰች። ለምን እንዲህ እንደሚሉ ጠየቅኳት።

«እንዴ አባባ! በሽተኛ ትቶ ሲወጣ ‹ሄድኩ› ይባላል? ‹መጣሁ› ማለት እኮ አልተውኩዎትም ማለት ነው።»

የኤፉዋ የሙከራ ጊዜ ጉዳይ ዓርብ በሆስፒታሉ ስብሰባ ሊታይ ነበር። ስልኩ ከአልጋዬ አጠገብ ነው። ዋና ነርሷ ሲስተር ጊተንስ የድሮ ተማሪዬ ናት፤ ለተማሪዬ «ተሳስቻለሁ» ማለት ከበደኝ። ስብሰባ መቼ በቀጠሮው ተካሂዶ ያውቃል፣ ሰኞ እደውላለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በቀጠሮው ተካሄደ። ሰኞ ስደውል ሲስተር ጊተንስ፣ «ቲቸር፣ የእርስዎ ፊርማ ባይኖርበት እኮ እናልፈው ነበር» አለችኝ። «አሁን ውሳኔው ወጥቷል። ወደ ጋና ትመለሳለች።»

በከዘራ እየተጎተትኩ ቤቷ ሄድኩ። ሻንጣዋን እያሰናዳች ነበር። ለልጆቿ አስቀድማ የገዛችው የትምህርት ቤታችን ዩኒፎርም አልጋው ላይ ተቀምጧል። ወንበር ሰጠችኝ፤ ከዳሌዬ ሥር ትራስ አደረገችልኝ። ስለ ደብዳቤውና የ‹መጣሁ›ን ትርጉም ከዴዴ እንደሰማሁ ነገርኳት።

«ደብዳቤዎን አንብበውልኛል» አለች። «ጥሩ ይጽፋሉ፣ አባባ።»

አንድ ቀሚስ ሻንጣው ውስጥ ከተተች።

«መቼ ነው ያወቁት?»

መዋሸት እችል ነበር።

«ረቡዕ» አልኳት።

«ረቡዕ… ሐሙስ…» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ የታጠፈውን ዩኒፎርም ዘርግታ፣ እንደ አዲስ ማጠፍ ጀመረች።