ጋሽ ቢተው ላንድሮቨራቸውን የፈቱ ዕለት

ጋሽ ቢተው ግትር ሰው ነበሩ። ይህን የምለው ላማቸው ብዬ አይደለም፤ ሚስታቸው እትዬ ወርቅዬም ፊት ለፊት ይሏቸው ነበር። ገርጂ ገና ጭቃና የጤፍ ማሳ ሳለች፣ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ፒካፕ በበሬ አስጎትተው ግቢያቸው ያስገቡ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ሊስቅ ወጣ። አባቴ ዓብዱ እንኳ ሱቁን ዘግቶ ነው የሄደው። ኮፋኖ የላትም፣ ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ ፈልፍሎባታል፣ አንድ ጎማዋ በነበረበት ቦታ ድንጋይ ገብቶላታል። ጋሽ ቢተው ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመንገድ ሥራ የነዱት እንዲህ ዓይነቷን ነበርና፣ «ታያላችሁ» ብለው በሩን ዘጉብን።

ያየነው ቶሎ አይደለም። የጡረታቸው ገንዘብ ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ ሲያልቅ፣ አንድ ጊዜ ካርቡራተር፣ ሌላ ጊዜ ባሌስትራ ተሸክመው ከመገናኛ በእግራቸው ሲመጡ ሰባት ዓመት አለፈ። በሞተሩ መጋጠሚያ መሀል የሚገባው ጓርኒሲዮን ሲጠፋ ከካርቶን ቀደው ይሠራሉ። የተጨራመተውን ቆርቆሮ በእንጨት መዶሻ እየመቱ ያቃናሉ። እትዬ ወርቅዬ እናቴ ዘንድ መጥተው፣ ለሚስቱ ጥርስ ማስተከል ያቃተው ሰው ለመኪና ዓይን ገዛላት እያሉ ያማርሩ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ካሳዬ በየጊዜው እየመጣ ይህ ውዳቂ ብረት የሰፈሩን መልክ ያበላሻልና ይነሣ ይላል። ጋሽ ቢተው ከመኪናዋ ሥር አይወጡም። ካሳዬ ጓድነቱንና ሽጉጡን ይዞ፣ ከጭቃው ላይ ተዘርግተው ከሚታዩት ሁለት እግሮች ጋር ተነጋግሮ ይመለሳል። ይህን ሳይ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! በዚያ ዘመን ካሳዬን ቁጭ ብሎ የሚያናግር ሰው አልነበረም፤ ተኝቶ የሚያናግር ግን ገርጂ ውስጥ አንድ ሰው ነበረን።

የጋሽ ቢተው ስህተት አንዲት ብቻ ናት፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረሰንበት ልጃቸውን ምንትዋብን ዳሩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ሙሽሮቹን ልትወስድ የመጣችው ፔጆ ከዳሱ በር ላይ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች። ሰው ሁሉ ይገፋል፣ ፔጆዋ ይብስባታል። ይህኔ ከወደ ጋሽ ቢተው ግቢ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ላንድሮቨሯ አረንጓዴ ተቀብታ፣ መብራቷን አብርታ መጣች። በአራቱም ጎማዋ ጭቃውን እየቧጠጠች ፔጆዋን ጎትታ አወጣቻት፤ ከዚያ ሙሽራዋን ራሷ አሳፍራ አስፋልት ድረስ አደረሰች። ሴቱ እልል አለ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እልል አልኩ። በዚያ ዘመን የሚሠራ ነገር ያለው ሰው የማይሠራ ማስመሰል ነበረበት። ካሳዬ ደግሞ ዳሱ ውስጥ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም አይቷል።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ካሳዬ ጋሽ ቢተው ግቢ መጣ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መኪናዋን ይዘው ቀበሌ እንዲቀርቡ አዘዛቸው። ለምን ሲሉት አልደበቀም። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ጎድሎበታል፤ የጦሩ ካሚዮን በገርጂ ጭቃ ውስጥ መግባት አይችልም፤ የሰፈሩን ልጆች ከየቤታቸው ለቅማ አስፋልት የምታደርስ መኪና ያለችው እሳቸው ጋ ብቻ ነው። ቢቀሩ ደግሞ የሚሆነውን ያውቁታል ብሎ ሄደ።

ወንድሜ ኢስሐቅ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ኬላ ማለፍ ስለማይቻል ልጆቹን ማሸሽ አይታሰብም። መኪናዋንም ይዞ መሰወር አይሆንም፤ ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚሰማው። ጋሽ ቢተው ኮፋኖዋ ላይ እጃቸውን አሳርፈው መፍቻዎቻቸውን እንዲያመጡላቸው ሚስታቸውን ጠየቁ። እትዬ ወርቅዬ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባቸው ተቀመጡ። ያን ሁሉ ዓመት ሲያማርሩ የኖሩት ሴትዮ፣ «ቢተው፣ እሷን አትንካብኝ» ብለው አለቀሱ። እሳቸውም እያለቀሱ ነበር የፈቱት። ወንድ ልጅ እንደዚያ እያለቀሰ እጁ ሳይሳሳት አይቼ አላውቅም።

የእድራችን ድስትና ሰሐን፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር በአባላቱ ቤት ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው። መኪናዋም እንደዚያው ሆነች። አንዷ ራዲያተር በነጠላዋ ሸፍና፣ አንዱ መሪ በኩንታል ጆንያ ከትቶ፣ ሌላው ጎማ እያንከባለለ ወሰደ። የቀረው ሞተሩ ነው። እሱን ለመሸከም ስምንት ወንድ ይፈልጋል፤ ሊደበቅ ወደታሰበበት ወደኛ ሱቅ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በቀበሌው በር ነው የሚያልፈው። አንድ ሰው «በእድሩ ቃሬዛ» አለ። ሁሉም ወደ ዳኛው ወደ አቶ ገብረሰንበት ዞረ።

«ቃሬዛ ያለ ሬሳ አይወጣም፤ የእድሩ ደንብ ነው» አሉ። ቀጥለውም ሊሸከሙ የመጡትን ልጆች አንድ በአንድ አይተው፣ «እነዚህን ከወሰዷቸው ግን ሬሳቸውን እንኳ ማን ያመጣልናል? ውሰዱት» አሉ።

ሞተሩ ቃሬዛው ላይ ተጋድሞ፣ ጋቢ ለብሶ ወጣ። ወንዶቹ ከክብደቱ የተነሣ አጎንብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀን ተከተልን። ቀበሌው በር ስንደርስ ሁለቱ አብዮት ጠባቂዎች ብድግ ብለው ቆባቸውን አወለቁ። አንደኛው፣ ነፍስ ይማር፣ ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የጋሽ ቢተው ዘመድ ናት አልኩት፤ ውሸትም አልመሰለኝ። አባቴ ሞተሩን ከጨው ጆንያዎቹ ሥር ቀበረው።

ጠዋት ካሳዬ ሲመጣ ላንድሮቨሯ አጥንቷ ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ቢተው በዚያ ቀን ከሥር አልተኙም፤ ፊቱ ቆመው ጠበቁት።

«ማን ነው ያፈረሳት?»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬውኑ ግጠማት!»

«ስገጥማት ሰባት ዓመት ፈጅታብኛለች። አሁን አርጅቻለሁና ዐሥር ያድርጉልኝ።»

በሽጉጡ እጀታ መታቸውና እየጎተተ ወሰዳቸው። ሚሊሺያዎቹ ልጆቹን ለመልቀም በእግራቸው ቢወጡም ጭቃው ጫማቸውን እያስቀረ ሲያዘገያቸው፣ ውሻው ሲጮህ፣ ልጆቹ ወንዙን ተሻግረው ማሳው ውስጥ ገቡ። የተያዙት ሦስት ናቸው። የመኪናዋን ዕቃ ሊፈትሹ በየቤቱ ዞሩ። እኛ ሱቅ የመጣው ሰውዬ ጨው ጆንያው ላይ ተቀምጦ ሻይ ጠጣና ምንም የለም ብሎ ሄደ። ጋሽ ቢተው ስምንት ወር ታስረው፣ ቀኝ ጆሯቸው ደንቁሮ ወጡ።

ኢስሐቅ በቀጣዩ ዓመት መገናኛ ላይ ታፈሰ። ታዲያ ምን ተረፈ ብለው እናቴን የጠየቁ ነበሩ። እናቴ ሐሊማ፣ ልጄ አንድ ዓመት እኔ ጋ አድሯል፣ ያን ዓመት የሰጠኝ ቢተው ነው ትላለች። በዚህ ነገር የሚከራከራትን ሰው እስከ ዛሬ አታናግርም።

ደርግ በወደቀበት ክረምት ኢስሐቅ ከሰሜን ከስቶና ጠቁሮ፣ በእግሩ መጣ። ካሳዬ የት እንደገባ አልታወቀም። የሰፈሩ ሰው ራዲያተሩን፣ መሪውን፣ ጎማውን ይዞ ጋሽ ቢተው በር ላይ ተሰለፈ፤ ሞተሩንም አባቴና ኢስሐቅ ከጎረቤት ጋር ተሸክመው አመጡት። ጋሽ ቢተው ወጥተው አንድ በአንድ ዳሰሱት። ሲገጥሟት ለማየት ሁላችንም ጠበቅን።

«በሉ፣ ወደየቤታችሁ መልሱት» አሉ። «መጀመሪያ እነዚህን አዲስ የመጡትን ሹሞች ልያቸው።»