ሶናታቸውን ያላስቆረጡት ክላቭዲያ አርሴኒየቭና

ክላቭዲያ አርሴኒየቭናን ለአስራ አንድ ዓመት በአውቶቡስ አመላልሻለሁ። ሙዚቀኞችን ወደ መንደሮች የሚልከው የከተማችን የሙዚቃ ድርጅት ሾፌር ነበርኩ። ስለ ፒያኖ ብዙ አላውቅም፤ ስለ እሳቸው ግን ትንሽ አውቃለሁ።

የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ልጅ ናቸው። ሌኒንግራድ ሲማሩ አስተማሪያቸው "እጅሽ ትንሽ ነው፣ ትላልቆቹን ሥራዎች ለሌላ ተይ" አሏቸው። "እጄን መቀየር አልችልም፣ ሥራዎቹንም አልተውም" ብለው መለሱ። ይሄንን የነገሩኝ አንድ ክረምት አውቶቡሱ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ስንቆፍር ነው። አካፋውን ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉኝ።

"እጅዎት ይጎዳል" አልኳቸው።

"ይልመደው፣ ቲሞፌይ። ቁፋሮ ቀላል ነው፣ አንተ የሹበርትን ሙዚቃ አታውቀውም።"

ትምህርት ሲጨርሱ መንግሥት ለሦስት ዓመት ወደ እኛ መደባቸው። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ አብረዋቸው የመጡት ሁሉ ተመለሱ። እሳቸው "እዚያ ፒያኖ ተጫዋች ሞልቷል" ብለው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በአውራጃው ያልዞሩበት የባህል ቤት፣ ማለት የመንደር አዳራሽ፣ የለም። ቤቶቹ ስለማይሞቁ እንደ መንደሩ ሴቶች ወፍራም የሱፍ ቦት አድርገው መድረክ ይወጣሉ። ከፒያኖው ሲደርሱ ቦቱን አውልቀው ፔዳሉን በካልሲ ይረግጡታል። ሰው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም፣ ይጀምራሉ።

አምሳ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣብን። ሰውየው ለገጠር አጫጭር ነገር ይበቃል ባይ ነው። መጀመሪያ ቫዲም ሮማኖቪች፣ ማለት ስለ ሙዚቃ ገለጻ የሚሰጠው ሰውዬ፣ ይናገራል፤ ከዚያ ሦስት ቁርጥራጭ ተጫውቶ ወደ ቤት።

"ረጅሙን የሹበርት ሶናታ፣ ያንን ባለ አራት ክፍል የፒያኖ ሥራ፣ ለላም አላቢ?" አላቸው ሥራ አስኪያጁ። "ሰው ጥሎዎት ይወጣል።"

"አይወጣም።"

"ከወጣስ?"

"ከወጣ ብቻዬን መጫወት ይቅርብኝ። ለዘፋኞችዎ አጃቢ ያድርጉኝ።"

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ለእሳቸው አጃቢ መሆን ማለት ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ኮንሰርት አለማየት ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ቶሎ ብሎ ተስማማ፤ ቫዲም ሮማኖቪችንም ታዛቢ አድርጎ ላከው።

በየካቲት ዛሬችዬ የሚባል መንደር ሄድን። ሰዓቱን የመረጠው ቫዲም ሮማኖቪች ነው፤ ማታ በቴሌቪዥን የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ስላለ በጊዜ መመለስ ፈልጎ አስር ሰዓት ላይ አደረገው። አዳራሹ ሞላ። ብዙዎቹ ላም አላቢ ሴቶች ናቸው፣ ሻርፓቸውን እንደጠመጠሙ። ቫዲም ሮማኖቪች ስለ ሹበርት ረጅም ንግግር አደረገ። ፊት የተቀመጠችው የአላቢዎቹ አለቃ፣ መንደሩ ሁሉ አክስት ግላሻ የሚላት፣ ጎረቤቷን "ይሄ ልጅ ራሱ የሚጫወት መስሎኝ ነበር" አለቻት።

ክላቭዲያ አርሴኒየቭና ቦት ጫማቸውን አውልቀው ጀመሩ።

የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ሳል እንኳን አልተሰማም። ሁለተኛው ውስጥ ግን አክስት ግላሻ ተነሳች። ጎንበስ ብላ ወጣች። ተከትለው ሌሎቹም አንድ በአንድ። ክላቭዲያ አርሴኒየቭና በዓይናቸው ጥግ ያዩ ነበር፤ አንገታቸው ሲቀላ አየሁ። እጃቸው ግን አልቆመም። ክፍሉን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ቀና ሲሉ ከእኔ፣ ከቫዲም ሮማኖቪችና ምድጃ ዳር ከተቀመጡት ከአዳራሹ ዘበኛ ሽማግሌ በቀር ሰው የለም።

"እንግዲህ አዩት" አለ ቫዲም ሮማኖቪች። ደስ ያለው አይመስልም፣ ኮቱን ግን እየለበሰ ነበር። "ቲሞፌይ፣ ሞተር አስነሳ።"

ክላቭዲያ አርሴኒየቭና ወደ ሽማግሌው ዞሩ። "አባባ፣ ምን አጠፋሁ?"

"አንቺ ምን ታጠፊያለሽ" አሉ ሽማግሌው። "አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። ማታ የሚታለበው በዚህ ሰዓት ነው። ላም ሹበርት አለ ብላ አትጠብቅም።"

ክላቭዲያ አርሴኒየቭና ቦት ጫማቸውን አደረጉ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ቀሩ።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለ ቫዲም ሮማኖቪች።

"እየጠበቅኩ።"

"አይመለሱም እኮ። ደክሟቸዋል፣ ቤታቸው ይገባሉ። ሰው ከወጣ ብለው ቃል የገቡት ራስዎት ነዎት።"

"ኮንሰርቴ መቼ አለቀ? ሲያልቅ የቀረውን ሰው ቆጥረህ ጻፍ።"

"ቲሞፌይ፣ ሞተር!"

በሕይወቴ አለቃን እምቢ ብዬ አላውቅም። "ቫዲም ሮማኖቪች፣ እኔም መጨረሻውን አልሰማሁትም" አልኩና ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ምድጃው ላይ እንጨት ጨመሩ።

ብዙ ጠበቅን። ውጭው ጨለመ። ክላቭዲያ አርሴኒየቭና አንድም ጊዜ ወደ በሩ አላዩም፤ እኔ ግን ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም። ቫዲም ሮማኖቪች ሆኪው እንዳመለጠው ሲገባው ኮቱን እንደለበሰ ተቀመጠ።

ከዚያ በረዶ ከቦት ላይ ሲራገፍ ተሰማ። አክስት ግላሻ ገባች፣ ከኋላዋ ሴቶቹ፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ቀን ላይ ያልነበሩ ትራክተር ነጂዎች። አዳራሹ ወተት ወተት ሸተተ።

"እዚሁ አለሽ? እኛ ሄደሽ ይሆናል ብለን ስንሮጥ!" አለች አክስት ግላሻ። "ባሌን ደግሞ በጆሮው ጎትቼ ነው ያመጣሁት።"

"ከየት ልቀጥል?" አሏት።

"ምን መቀጠል አለ፣ እነዚህ ምንም አልሰሙም። ከላይ ጀምሪው።"

ከላይ ጀመሩት። እስከ መጨረሻው አንድ ሰው አልተነሳም።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ጠራን። "ሰው ወጣ ወይስ አልወጣም?" ብሎ ቫዲም ሮማኖቪችን ጠየቀው።

"ወጣ" አለ እሱ። ክላቭዲያ አርሴኒየቭናን አየት አደረገና ቀጠለ፤ "አልበው ተመለሱ። ከወጡት የገቡት ይበዛሉ።"

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ሲያሽከረክር ቆየ። "እሺ፣ ብቻዎን ይጫወቱ። ግን ቢያንስ ሶናታው ውስጥ የሚደገመውን ክፍል ይዝለሉት። አንዴ ከሰሙት ይበቃቸዋል።"

"አልዘልም" አሉ ክላቭዲያ አርሴኒየቭና፤ ሻርፓቸውን እየጠመጠሙ ነበር። "ደግሞ ሰዓቱን ከእንግዲህ የምመርጠው እኔ ነኝ። ቲሞፌይ፣ ነዳጅ ሙላ፣ ሐሙስ ሩቅ ነው የምንሄደው።"