የቆሮሶዋ ፍልሰታ

ባሌ ከማርቆስ ደጀን ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሽንኩርት ይዞልኝ መጣ ብዬ ብነሣ፣ ጀሪካን ታቅፏል። ክዳኑን ከፈትኩት። ቆሮሶ! ያውም በሕይወት ያሉ፣ የሚንፈራገጡ ትንንሽ ዓሦች! ዓባይ በረሃ ዓሣ የሚያጠምዱ ልጆች ሰጥተውት ነው።

«ለወጥ ነው» አለኝ።

«እኔ ቆሜ!» አልኩት።

እኔ እቤቴ የምሠራ ሹሩባ ሠሪ ነኝ። ሰው በቤቱ ዓሣ ሲያረባ በስልኬ እያየሁ ስቀና የኖርኩ ሴት፣ በእግሩ የመጣልኝን ሲሳይ ወጥ ላደርገው? በማግሥቱ መስኮት ከሚሠራው ሰውዬ ዘንድ ሄጄ የመስታወት ሣጥን አሠራሁ። ቡፌው ከሳሎን ወጣ፣ ዓሦቹ ገቡ። የቆላ ልጆች ናቸውና የማርቆስ ብርድ እንዳይፈጃቸው ከአዲስ አበባ የውኃ ማሞቂያ አስመጣሁ። «እኔን ሲበርደኝ ጋቢ፣ ለእነሱ ማሞቂያ!» እያለ ባሌ ያሾፍብኛል። ይበለኛ!

ከመጡት ውስጥ የተረፉልኝ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ሰው ሲያልፍ ድንጋይ ሥር ይወሸቁ ነበር። ቀስ በቀስ ለመዱኝ። ምግብ ይዤ ስቀርብ መስታወቱ ድረስ መምጣት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ምኞት አንድ ነበር፣ ቤቴ ውስጥ ሲወልዱ ማየት።

ነሐሴ ሲገባ አማቴ ከይጁቤ መጡ። ለዓይናቸው ሕክምና ከፍልሰታ በኋላ ቀጠሮ ስላላቸው፣ ጾሙንም እዚሁ ሊጾሙ ነው። ደግ ሴት ናቸው፣ ግን አንዴ ቃል ከወጣቸው አለቀ።

ጾሙ ገና እንደገባ ነው ነገሩ የሆነው። ወንዱ ደረቱ ቀላ፣ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጉድጓድ ቆፈረ። ሴቷ ወረደችና ቢጫ ቢጫ እንቁላሏን ጣለች። ጮህኩ! የደንበኛዬን ፀጉር ግማሹ ላይ ትቼ ሮጥኩ። አማቴም ከሶፋው ተነሥተው መጡ። ይኼኔ ዓሣዋ ዞር አለችና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በአፏ ለቀመቻቸው። አንድም አላስቀረችም።

አማቴ አማተቡ። «በስመ አብ! ልጆቿን በላች!»

«አልበላችም እማማ፣ በአፏ ይዛቸው ነው። እዚያው ውስጥ ነው የምትፈለፍላቸው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ያመመኝ ዓይኔን እንጂ ጭንቅላቴን አይደለም።»

ልጇን የምትበላ አውሬ ያለችበት ቤት ደግ ነገር አይገባውም፣ ዛሬውኑ ትውጣ አሉ። ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ «በጾም ክርክር አልወድም» አሉ። «ጾሙ ሲፈታ ግን ወይ እሷ ትወጣለች፣ ወይ እኔ ይጁቤ እገባለሁ። ዓይኔም እንደፈቀደ ይሁን።»

ባሌ ደነገጠ። ጓዳ ጠርቶኝ «እናቴ ሳትታከም ከሄደች ዕዳው ያንቺ ነው» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔም የዓሣዋም ፈተና ሆነ። አማቴ የዳቦ ፍርፋሪ ይጥሉላታል፤ ወንዱ ሮጦ ይውጣል፣ እሷ ፊቷን ታዞራለች። ጉሮሮዋ አብጧል፣ አልፎ አልፎ አፏን ታንቀሳቅሳለች።

«ይኸው፣ ታላምጣለች!»

«እያገላበጠቻቸው ነው እማማ!»

«ምን አስነካችሽ ይቺ ዓሣ!»

ግን ነገሩ አላስቻላቸውም። ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ «ዛሬስ ቀመሰች?» ይላሉ። አልቀመሰችም እላለሁ። «እኛስ ቅዳሴ ሲወጣ እንበላለን። የይቺ ምን ዓይነት ጾም ነው?» ይላሉ።

ዓሣዋ እየከሳች ሄደች። ሆዷ ገብቶ ራስ ብቻ ሆነች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈራሁ። ታማ ቢሆንስ? እውነትም ውጣቸው ቢሆንስ? ለደንበኞቼ ግን ደረቴን ነፍቼ «ልትወልድልኝ ነው» እላለሁ።

ጾሙ ተፈታ። ቤታችን ዶሮ ወጥ ሸተተ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። የረሱት መስሎኝ ነበር።

«ቃሌን አልረሳሁም» አሉ አማቴ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ባሌ የዱቄት ወንፊቱንና ሳፋውን ይዞ መጣ።

«ተው! በናትህ ተው!»

«እናቴ ፊት በናትህ ትይኛለሽ!» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

ወንፊቱ ውኃው ውስጥ ገባ። ዓሣዋ ሸሸች፣ ጥግ ያዘች። ባሌ መስታወቱ ላይ አጣበቃት። ይኼኔ አፏ ተከፈተ፣ ከውስጡም የሆነ ነገር ተበተነ። ስንዴ የማያክሉ፣ ጭራ ያላቸው፣ ዓይን ብቻ የሆኑ!

«ወይኔ!» ብሎ ባሌ ወንፊቱን ለቀቀው።

ጫጩቶቹ ዓሦች እዚህም እዚያም ተራወጡ። እናታቸው ዞረች፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ አፏን ከፈተች። ልጆቿ እየተጋፉ ተመልሰው ገቡ። ሁሉም ገቡ! እኔ ዘለልኩ፣ ጮህኩ፣ ባሌን አንቄ ሳምኩት።

አማቴ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ቀሩ።

«ይኼን ሁሉ ቀን» አሉ፣ «ርቧት… አፏ ውስጥ እያሉ… አንዴ እንኳ ሳትውጥ።» እንባቸው ወረደ። ከዚያ ድንገት እልልታውን አቀለጡት። መሐል ላይ ደግሞ ቆም አሉ።

«ወንድ ናቸው ሴት? ለየትኛው ነው እልል የምለው?»

«ለሁሉም ነው እማማ!»

«እንግዲያስ እስኪበቃኝ!»

ሲጨርሱ ነጠላቸውን አውልቀው ሣጥኑን ሸፈኑት። «አራስ ለሰው ዓይን አትሰጥም» አሉ። ሹሩባ ልትሠራ የመጣችውንም ጎረቤት ከበር መለሷት።

ዓይናቸው ታከመ፣ ፋሻው ተነሣ። ከሐኪም ቤት እንደተመለሱ ነጠላውን ገልጠው መጀመሪያ ያዩት ዓሣዋን ነበር። ልጆቿ ነፍስ አውቀው ለብቻቸው ይዋኛሉ፣ እሷም ፍርፋሪውን ከወንዱ ጋር ትሻማለች።

ባሌ የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ «እምዬ፣ እንግዲህ ዳንሽ፣ ነገ ይጁቤ ላድርስሽ?» አላቸው።

አማቴ እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት፣ ሌላ ቁራሽ ዳቦ መፈርፈር ጀመሩ።

«አራስ ጥዬ?»