«እማ፣ በሩን አትክፈቺ»

የልጄ የሰይድ መርዶ የመጣ ቀን፣ ሱብሂ ሰግጄ ገና ከመስገጃዬ ሳልነሣ ስልኬ ጮኸ። ሪያድ ያለችው ልጄ ዘይነባ ናት።

«እማ፣ በሩን አትክፈቺ» አለችኝ።

«ማን መጥቶ ነው?»

«ማንም... ብቻ አትክፈቺ። ትንሽ ቆዪ።»

ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር።

ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ብቻዬን ስለምኖር አምና ዘይነባ ካሜራ ያለው የበር ደወል ላከችልኝ። ሰይድ ከሚሠራበት ከኮምቦልቻ መጥቶ ገጠመልኝ። በሩ ላይ የቆመ ሁሉ በኢንተርኔት እሷ ስልክ ላይ ይታያል። «እማ፣ የእትዬ ዘምዘም ፍየል መጥታለች፣ ጎመንሽን ጠብቂ» ብላ ከሪያድ ትደውልልኝ ነበር። ሰይድ «ዘበኛሽ ባሕር ማዶ ናት» እያለ ይስቅብን ነበር።

ያን ቀን ካሜራው ያሳያት ፍየሏን አልነበረም። ወንድሜ፣ የሰፈራችን ሸህ፣ ጎረቤቶቼ... አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ማን ቀድሞ ያንኳኳ እየተባባሉ ነው። ሰይድን በዋዜማው ማታ ከሥራ ሲወጣ መኪና ገጭቶት ነበር።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ አጠገብ ተቀምጦ፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያለ ነው የሚያረዳው። ዘይነባ ግን ብቻዋን፣ በሰው አገር፣ ከእኔም ቀድማ አወቀችው።

በኋላ ስጠይቃት «የማን እንደሆነ አላወቅኩም» አለችኝ። «መርዶ መሆኑን ግን አወቅኩ። ካልከፈትሽ የማይገባ መስሎኝ ነው።»

እኔ ግን ከፈትኩ።

ትናንት ሌላ ደወል ልገዛ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ወጣሁ። ባለሱቁ አንዱን አነሣና «እናቴ፣ ይሄን ይውሰዱ። ልጆችዎ የትም ሆነው በርዎን ያያሉ» አለኝ።

«እሱንማ ነቅዬ ነው የመጣሁት።»

ሊስቅ ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው። ሌላ አወጣ። «ይሄኛው የቀዳውን እዚሁ ሚሞሪው ላይ ያስቀምጣል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ማን እንደመጣ ቤት ውስጥ ባለችው ስክሪን እርስዎ ብቻ ያያሉ።»

«ሪያድ አይልክም?»

«ከግቢዎ አይወጣም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ገዛሁት።

ዘይነባ ስትሰማ ከፋት። «ደህና መሆንሽን ታዲያ በምን ልይ?»

«ደውለሽ ጠይቂኛ» አልኳት። «የኔም ቀን ሲደርስ ሰዉ እዚሁ በር ላይ ነው የሚቆመው። ያን ጊዜ እጅሽን የያዘ ሰው ይንገርሽ እንጂ ስልክሽ እንዳያሳይሽ።»

«ፍየሏንስ ማን ይጠብቃት?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ገና ትናንት ነው።

እናንተ ይሄን ያነበባችሁ... ለሰይዴ ዱዓ አድርጉለት። አላህ ቀብሩን ሰፊ ያድርግለት፣ መርዶውን ብቻዋን ላየችው እህቱም ሰብሩን ይስጣት በሉልኝ።